ለወረቀት ቦታ አለ

ደብረ ታቦር፣ ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአያሌው። እንዴት ከርመሃል? እኛ ከኔ ጉልበት በቀር ደኅና ነን። ጸሐፊውን፣ እንደ ተናገርሁት ጻፍ፣ አታሳምርብኝ ብዬዋለሁ።

ቅበላ ሳይገባ ጣልያኖቹ እኛን የመንገድ ሠራተኞቹን ከጎንደር ወደ አስመራ ሊወስዱን ነው ብለህ የላክኸው ቃል ደረሰን። ሚስትህ ጌጤ እንደ ሰማች ልጅቱን አዘለች። “ሳያያት አይሄድም” አለች። አንተን ሲወስዱህ በሆድ የነበረችው አሁን ድክ ድክ ትላለች።

እኔም ላይህ ብዬ አብሬያት ወጣሁ። ወደ ጎንደር የሚሄደው የጭነት መኪና ከገበያው በታች ይቆማል። ሾፌሩ ለመጣው ሁሉ ቦታ አለ ይላል፤ ሲነጋ ሰዉ የጥምቀት ሕዝብ ያህላል። ቀድሞ የመጣ፣ ሽማግሌ፣ እመጫት ብሎ ነገር የለም። አንድ ቀን ጎማው ፈነዳ አሉን። ሌላ ቀን የጣልያኖቹን ዱቄት ጭኖ ጥሎን ሄደ። ሰው ከቀረ ትገባላችሁ እያሉን ፀሐይ ላይ እንደ ብቅል ተሰጣን። የጌታ ደጅ ጠንቼ የማላውቅ ሰው የመኪና ደጅ ጠናሁ።

ትናንት አንድ ሰው ቀረና ሾፌሩ አንድ ይግባ አለ። ጌጤ ወደኔ ዞራ፣ “አባባ፣ አንቱ ውጡ። እኔ እግር አለኝ” አለችኝ። ልጄ፣ ልቤ ከኔ ቀድሞ መኪናው ላይ ወጥቶ ነበር።

“እኔ አይቼዋለሁ። ያላየችው ይቺ ልጅ ናት፤ ውጪ” አልኋት።

ገና ተደላድላ ሳትቀመጥ የአንድ ሹም በርሜል መጣ። ሾፌሩ ውረጂ፣ ነገ ትሄጃለሽ አላት። ሌላው ሰው በዚህ ጊዜ ይለምናል፣ ይራገማል። እሷ ወረደች፣ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና፣

“ነገ ማታ አንተ እዚሁ ነህ፤ እኔ ቁልቁለቱን ወርጄ ይፋግ አድራለሁ” አለችው።

ሰዉ ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ።

ጨው ነጋዴው ሁሴን ከብቶቹን ጭኖ ሊወርድ ነበርና፣ እንደ እኅቴ ጎንደር አደርሳታለሁ ብሎ ማለልኝ። በቅሎ ላይ ውጪ ቢላት፣ የተጫነች በቅሎ ደግሜ አልጭንም ብላ ልጅቱን አዝላ በእግሯ ሄደች። ወደ ኋላ እንኳ አላየች። ስንት ጀግና ነኝ ባይ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ልብ አላየሁም። ስድርህ የአባቷን ዘር ቆጥሬ ነበር፤ ከእንግዲህ የኛ ዘር ከሷ ይቆጠር።

መኪናው ዛሬም አልተነሣም። ለሰው ቦታ የነፈገው ሾፌር፣ ለወረቀት ቦታ አለ ብሎ ይህን ደብዳቤ ሊይዝልኝ ነው። ጌጤ ብትቀድመው አይግረምህ።

እኔን አትጠብቅ። ጉልበቴ ቁልቁለቱን አይወርድም፣ አስመራም ሩቅ ነው። ልጅቱን ስሸኛት ግንባሯ ላይ ስሜያታለሁ፤ እዚያው ላይ ሳማት።

አንድ ነገር ግን አዝሃለሁ። ጌጤ ስትደርስ ውኃ አሙቅና እግሯን እጠባት። የሚስቱን እግር አጠበ ብለው ጓደኞችህ ይሳቁ። አባቴ ነው ያዘዘኝ በላቸው።

የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ በሄድህበት ሁሉ ይቅደምልህ።

አባትህ ማሩ፣ በአውራ ጣቴ።