ከመጋረጃው ማዶ ያሉት መብራቶች

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15፣ ከዐሱር ሶላት በፊት፣ ሱቅ

ቀይ ብዬ ስጫን አረንጓዴ ይበራል። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ነው።

አንተም ግራ እንዳይገባህ፣ ማስታወሻዬ። ባለ ቀለም የመብራት ጥቅልል አለ፤ የክብሪት ሳጥን የምታህል የኮምፒውተር ሰሌዳ ታዘዋለች፤ እሷን ደግሞ ኪቦርዱ። 1 ቀይ፣ 2 አረንጓዴ፣ 3 ሰማያዊ፣ 4 ሲጫኑ ሁሉም እየተከታተለ ይሮጣል። ለሰርግ ነው። የኮምቦልቻው አዳራሽ ባለቤት ሐጂ ይማም እሑድ በአንድ ሰርግ ላይ ሊያዩልኝ ነው። ከወደዱት የአዳራሹን ሰርግ ሁሉ እኔ አበራለሁ። ካልወደዱት ሱቄን እዘጋለሁ። አምፖል ፍለጋ ደሴ ገበያ የሚወጣ ሰው ጠፍቷል።

ባለቤቴ ሉባባ ሳቀችብኝ። ቀይ ስትፈልግ 2ን ተጫን፣ ምን ቸገረህ አለች። አይሆንም። ያልገባኝን ዕቃ ሸጬ አላውቅም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16፣ ረፋድ

ፕሮግራሙን የጻፈልኝ የሐርቡው ሬዲዮ ጠጋኝ አብዱ ደወለ። ጥቅልሉ አረንጓዴን አስቀድሞ ነው የሚያነበው፤ ፕሮግራሙ ቀይን አስቀድሞ ይልካል። ቅደም ተከተሉን ቀየርን። ቀይ ቀይ ሆነ። አልሐምዱሊላህ።

ከሰዓት

አሁን ደግሞ መብራቱ ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል። አብዱ፦ የሰሌዳዋና የመብራቱ ኔጌቲቭ ገመድ ተገናኝቷል? አልተገናኘም። ለየብቻ ኃይል እየሰጠሁ ለምን ይገናኛል? «አብሽር፣ ዝም ብለህ አገናኝ» አለ። አገናኘሁ። ጸጥ አለ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሉባባ እሑድ እኔ ልጫን አለች። ቢሮ ታይፒስት ሆና ኖራለች፤ ሳታይ ጣቷ ቁልፉን ያገኛል። እምቢ አልኩ። የሰይድ ሚስት በሰው ሰርግ ላይ ሥራ ስትሠራ ሰው ምን ይላል? ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ወጣች። ስትከራከረኝ ይገባኛል። ሳትከራከር ስትሄድ አይገባኝም።

እሑድ፣ መጋቢት 20፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ወደ ደሴ ሽቅብ

ከኮምቦልቻው ሰርግ እየተመለስን ነው።

መብራቱን ሰቀልን። ሞከርን። ሐጂ ይማም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መጋረጃው ተሳበ፤ ወንድ ወዲህ፣ ሴት ወዲያ። ስንት ሰርግ በልቻለሁ፣ እንዴት አላሰብኩትም? ሙሽራዋም መብራቱም ማዶ ናቸው። እኔና ኪቦርዱ ከወንዶቹ ጋር።

በጆሮ መሥራት ጀመርኩ። እልልታ ሰማሁ፤ 4። ለካ የገባው የምግብ ትሪ ነው። ሙሽራዋ የገባች ጊዜ ደግሞ አጥፍቼው ነበር፤ በጨለማ ተቀመጠች። ቀጥሎ ጫጫታ ሰማሁ፤ አሁንስ ጭፈራ ነው ብዬ እንደገና 4። ከማዶ አንዲት ሴት ጮኸች፦ «ያ ረቢ! እናትየዋ ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ይሄ ሰውዬ ያስጨፍራታል!» ወንዶቹ ሳቁብኝ። ሐጂ ይማም አልሳቁም።

ያኔ በመጋረጃው ሥር እጅ ገባ። ጣቱ ላይ የሉባባ ቀለበት። በሙሽራዋ እናት በኩል ተጠርታ ማዶ ነበረች። ኪቦርዱን ሳበችው። ለቀቅኩላት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ከመጋረጃው በላይ ጣሪያው ላይ የሚያርፈውን ቀለም ብቻ ነው። ሰማያዊ፣ ረጅም ጊዜ። ለቅሶው ረገበ። ቀስ ብሎ ቀይ። ዘፈኑ ሲነሳ ሁሉም ሮጠ፤ እልልታው ግድግዳውን አናጋው። እኔ ባዶ እጄን ቁጭ።

ሲያበቃ ሐጂ ይማም ጠሩኝ። «ሰይዴ፣ መጀመሪያ ልተውህ ነበር። ኋላ ምን ነካህ? እጅህ እኮ ተፈታ!» አዳራሹ ያንተ ነው፣ ነገ ደውልልኝ አሉ። አላህ ይስጥልኝ፣ ሐጂ አልኩ። ሌላ አላልኩም። ሉባባ አጠገቤ ነበረች፤ ሰማች። አሁን በመስኮት ታያለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 21፣ ሱቅ

ጠዋት፣ ከእንግዲህ በየሰርጉ አብረሽኝ ትመጫለሽ አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ። «ምን ሆኜ?» አለች። «ያንተ እጅ ሆኜ?» በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አሰላሁት። ዝም ብል አዳራሹ የእኔ ነው። ግን ያለ እሷ የሚመጣው ሰርግ እንደ ትናንቱ መጀመሪያ ነው። እሷ ደግሞ እንዲህ ሆና አትመጣም። እውነቱን ብናገር ሐጂ ይማም ዋሽተኸኛል ብለው ሊተዉኝ ይችላሉ። ንግድ ነው ብዬ ጀመርኩት፤ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም።

ቆረጥኩ። መብራቱን የያዘችው ሉባባ ናት፣ ውሉ በእሷ ስም ይጻፍ፣ እኔ ገመድ እዘረጋለሁ እላቸዋለሁ። እሷም እንድትሰማ ጠራኋት፤ በሩ ላይ ቆማለች።

ደወልኩ። ይጠራል።

አነሱት።