ስሟ ያልተጠራባቸው ሃያ ሦስት ቀናት

ኪሮሴ፣ «እንዴት ከረምክ» ብዬ ልጀምር ብዕሩን አነሳሁና አፈርኩ። ከተለየኸኝ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። በሕይወት እያለህ የጻፍኩልህ ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ሳንጋባ ከወልድያ ልኬልህ፣ አንተ መልእክቱን ትተህ በእጅ ጽሑፌ ስትስቅ ከረምክ። አሁንም ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። ዛሬ የምጽፍልህ የንስሐ አባቴ ስላዘዙኝ ነው። አደራ ሰጪው ከሞተ በኋላ አደራውን ማን ይፈታዋል ብዬ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። የሰጠሽ እሱ ነው፤ ለእሱው ንገሪው አሉኝ። መቃብርህ ላይ ቆሜ እንዳልነግርህ እሁድ እሁድ ሰው ይበዛል፣ አንተ ደግሞ የቤታችን ነገር በሰው ፊት ሲወራ አትወድም። ስለዚህ ልጃችን ብርክቲ ከተወችው ደብተር ላይ በተረፉት ገጾች እጽፍልሃለሁ። ደብተሩ ግማሹ ባዶ ነው። ለምን ባዶ እንደቀረ ነው የምነግርህ።

ቤቱ ያው ነው። አንተ የበየድከው የግቢ በር አሁንም ሲከፈት ይጮኻል። ጎረቤቱ ሁሉ ዘይት አድርጊበት ይለኛል፤ አላደርግም። ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የምሰማው በእሱ ነው። ትግርኛዬም አልተሻሻለም። ከሃያ ዓመት በኋላ ዛሬም ገበያ ውስጥ በትግርኛ ስጠይቅ በአማርኛ ነው የሚመልሱልኝ፣ አንተም የለህ የምትከራከርልኝ። ከተማው ግን ተለውጧል። የነዳጁ ወረፋ እንደገና ረዝሟል። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ በዝግታ ማውራት ጀምሯል። «ከመይ ሓዲርኪ» ብለው እንዴት አደርሽ ከማለታቸው በፊት ምን ሰማሽ ነው የሚሉኝ። ምንም አልሰማሁም እላለሁ፣ ቤት ገብቼ ግን ዱቄቱ ስንት ቀን እንደሚበቃን አያለሁ።

ወጣቶቹ እየሄዱ ነው ኪሮሴ። ደላላ አለ ይባላል፤ በበረሃ አድርጎ ወደ ባሕር የሚወስድ። ሽኝት የለም፣ ልቅሶም የለም። አንድ ቀን የአንዱ ቤት የልብስ ገመድ ላይ የልጅ ልብስ ሳይሰጣ ይቀራል፣ በዚያ ታውቃለህ። ሉዋምን ታስታውሳታለህ? የብርክቲ ጓደኛ፣ ቀጭኗ፣ አንተን «አቦይ ሓጺን» እያለች የምትጠራህ፤ አባባ ብረት ማለቷ። ሉዋም ሄዳለች። አዲግራት አክስቴ ጋ ሆኜ እማራለሁ ብላ ከትምህርት ቤቷ መሸኛ አወጣች። የድሮው ትምህርት ቤት ስሟን ሰረዘ፣ አዲሱ ስሟን አያውቀውም። በመካከል ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ቀረች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እናቷ የሰማችው ከማታውቀው አገር ቁጥር ሲደወልላት ነው። አሁን ስልኩን ከእጇ አትለይም፣ ሲጠራ ግን አታነሳውም። ሌላ ሰው እንዲያነሳላት ወደ እኔ ይዛ ትሮጣለች።

ብርክቲህ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ዓመታት ባይኖሩ ዘንድሮ ትጨርስ ነበር፤ ገና አሥረኛ ክፍል ናት። ዓመቱ ሲጀመር በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ይቀመጡ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ዴስክ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። መምህርቷ በየጠዋቱ ስም ትጠራለች፣ አንድ ልጅ ሁለት ቀን ካልመለሰ ለወላጅ ትደውላለች። እሷ ካልደወለች ልጄ አለች እያልኩ ነው የምውለው። ከዚያ ከሚጮኸው በር ሌላ ጠባቂዬ ይህ ነበር።

እናም አንድ ከሰዓት ልጅህ መጥታ ወረቀት ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ይህን ትምህርት ትቼ ቴክኒክና ሙያ ልገባ ነው፣ ብየዳ ልማር፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ አለች። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። ወረቀቱ የመሸኛ መጠየቂያ ነው። ሉዋም ያወጣችው ዓይነት።

ያንተን የመጨረሻ ሳምንት አስታወስኩ። የስኳርህ መርፌ ከከተማው ጠፍቶ፣ አልጋህን ወደ መስኮቱ አስጠግቼልህ ነበር። ከዚያ የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ይታያል፣ ዩኒቨርሲቲውም። ብርክቲ ትንሽ ሳለች እሁድ ከቅዳሴ መልስ ትከሻህ ላይ አድርገሃት ወደዚያ ትወጣ ነበር፤ ደብተር የያዘውን ተማሪ ሁሉ ሰላም በይ እያልክ። ተማሪዎቹ ግራ ይገባቸዋል፣ አንተ ደስ ይልሃል፣ እኔ ከኋላ ጫማዬ አቧራ በአቧራ ሆነ ብዬ እነጫነጫለሁ። በዚያች ሳምንት ኮረብታውን በዓይንህ አሳየኸኝ። እጇን እሳት እንዳይነካው፣ እዚያ አድርሺያት አልከኝ። በእመቤቴ ማርያም ማልኩልህ። ለምን እንዳልከው አውቃለሁ። ብየዳው ዓይንህን ሲያቃጥልህ ውሎ፣ ጥሬ ድንች ቆርጬ የዓይንህ ቆብ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ለወጥ ከምገዛው ድንች ለዓይንህ የምገዛው ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ አልፈርምም አልኳት። እሷም አልተከራከረችም። ያስፈራኝ አለመከራከሯ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ልንገርህ። ያን የምታውቀውን ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣ መጣች። ብልጭታው እንዳይዘው ነው አለች። ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሳች፤ ለምዝገባ ነው አለች። የልደት ወረቀቷን ጠየቀችኝ፤ እሱም ለምዝገባ። የባዮሎጂ መጽሐፏን ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። እያንዳንዱ ነገር ለብየዳ ትምህርት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ነገር ለመንገዱም ይሆናል። ሉዋምም ፀጉሯን ተቆርጣ ነበር።

የመሣሪያ ሣጥንህ አልጋ ሥር ነው። ዝገት እንዳይነካው በወር አንዴ እያወጣሁ እወለውለዋለሁ። ከሦስት ወር በፊት ሜትሩ አልነበረም። የት አስቀመጥኩት ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። በሚቀጥለው ወር ማዕዘን የምትለካበት ስኳድራ ጠፋ። በሦስተኛው ወር ሳወጣው የብየዳ ማስክህም የለም። እየሸጠች ነው አልኩ በልቤ፤ ለደላላው እያጠራቀመች ነው። በማግስቱ ሱሪዋን ሳጥብ የወገቡን እጥፋት በውስጥ በኩል ገለጥኩት። በማይለቅ ቀለም የስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ሦስት ጊዜ አሸሁት፣ አልለቀቀም። ሱሪውን እንደያዝኩ ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ልጮህባት አልቻልኩም። ከጮህኩባት በዚያው የምትሄድ መሰለኝ። ሐጎስ ጋ ሄድኩ፤ አብራችሁ የሠራችሁበት ወርክሾፕ። መሣሪያህን ሊሸጥ ያመጣ ሰው እንዳለ ልጠይቀው ነበር። በሩ ላይ ደረስኩ። ውስጥ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይበይዳል። ያንተን ማስክ አጥልቋል፣ ግራ ጉልበቱን መሬት አስነክቷል፣ ቀኝ ክርኑን ጭኑ ላይ አስደግፏል። እንደዚያ የሚንበረከክ አንድ ሰው ነው የማውቀው፣ እሱን ደግሞ ቀብሬዋለሁ። በስምህ ጠራሁ። ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት፣ ሐጎስም ሰምቶኛል። ማስኩ ሲነሳ ብርክቲ ነበረች።

ሜትሩም ስኳድራውም ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሐጎስ እጁን እየጠረገ መጣና እንደ እህት እየጠራኝ፣ «ሓፍተይ፣ እኔ አልጠራኋትም፤ ሂጂ ብላት ነገ ከትምህርት ስትወጣ ትመለሳለች» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጇ የአባቷ እጅ ነው አለ። እፎይ ልል ይገባኝ ነበር። ቁጥሩ ግን አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኳት። አልዋሸችኝም። የሉዋም ደላላ ቁጥር ነው። ከሉዋም ጋር ሦስት ሆነው ሊሄዱ ቀን ቆርጠው ነበር። የዚያን ቀን ሐጎስ ጋ የጀመረችው የብረት መስኮት ነበራት፤ ጨርሼው እመጣለሁ አለቻቸው፣ አልጠበቋትም። መስኮት ነው ያስቀረልኝ ኪሮሴ፣ የሰው ቤት መስኮት። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ፤ «ኣደየ፣ ሓቂ ልንገርሽ፤ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ያንን ቁጥር በልቤ እየደጋገምኩ ነው የምውለው። ብረት ስይዝ ብቻ ነው የምረሳው» አለች። እንደ ማስፈራራት አልነበረም። ራሷም የፈራች ትመስል ነበር።

ወረቀቱን ሳምንት ሙሉ የመሣሪያ ሣጥንህ ውስጥ አስቀመጥኩት። ካልፈረምኩ ያንተ አደራ ይጠበቃል፣ እሷም ባዶ ዴስክ ላይ ቁጥሩን ትደግማለች። ከፈረምኩ ከአንደኛው መዝገብ ትሰረዛለች፣ በሁለተኛው እስክትጻፍ ድረስ ስሟን የሚጠራ የለም። በመካከሉ ሃያ ሦስት ቀን አለ፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሉዋም የጠፋችው በእንደዚያ ያለ ክፍተት ነው። የንስሐ አባቴ ጋ የሄድኩት ያኔ ነው። ስመለስ ፈረምኩ። ማርያምን ብዬ የማልኩልህን በገዛ እጄ አፈረስኩት፣ ፊርማዬም እንደ ጽሑፌ የሚያስቅ ነው።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ባልነግርህ ይሻላል፣ ግን እነግርሃለሁ። ምሳ እያመካኘሁ እሷ ወደምትውልበት ሐጎስ ጋ እመላለስ ነበር። ሐጎስ ወፈርኩ፣ ተይ ብሎ ለመነኝ። በር በጮኸ ቁጥር እነሳለሁ፣ ባልጮኸም ቁጥር እነሳለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ወርክሾፑ ተዘግቶ አገኘሁት። ስልኳ አይሠራም፣ የሐጎስም አይነሳም። መናኸሪያ ድረስ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። በየአውቶቡሱ ገብቼ ፊት ሳይሆን ጫማ ነበር የማየው፤ ፊቷን ብትሸፍን ጫማዋን አልስተውም ብዬ። ረዳቱ እማማ ማንን ፈለጉ ሲለኝ ወርጄ ወደሚቀጥለው አውቶቡስ ገባሁ። ለካ ወደ ቃላሚኖ በኩል የግቢ በር ሊተክሉ ሄደው ኖሯል፤ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ። ከሰዓት ቀለም በቀለም ሆና ስትገባ በጥፊ መታኋት፣ በዚያው እጄ ደግሞ አቀፍኳት። አንተ መትተሃት አታውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ጀመሩ። አትምጪ ብላኛለች፤ ሄጄ ከኮሌጁ አጥር ውጭ ቆምኩ። ልጆቹን ግቢው ውስጥ አሰልፈው አንድ ሰውዬ ዝርዝር ይዞ ስም መጥራት ጀመረ። ሌሎችም እናቶች አጥሩን ይዘው ቆመዋል፣ እርስ በርሳችን አንተያይም። ያንተን ስም ከሰው አፍ የሰማሁት ለመጨረሻ ጊዜ በቀብርህ ዕለት ነው። ሰውዬው «ብርክቲ ኪሮስ» አለ።

መልስ የለም።

አንገቴን አሰገግኩ፣ ያን አጭር ፀጉር በየሰልፉ ፈለግኩት፣ አጣሁት። አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ፤ አላውቃትም። ሰውዬው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈና ደግሞ ጠራ፣ «ብርክቲ ኪሮስ»።

«ኣለኹ!» አለች፤ ከኋላ፣ ማስክህን በብብቷ ይዛ እየሮጠች። ሐጎስ ጋ ረስታው ኖሮ ልታመጣው ሄዳ ነበር። ሰውዬው ምልክት አደረገና ቀጠለ። ከእሷ በኋላ አራት ስም ተጠርቶ መልስ አልተገኘም። እነሱን ሁለቴ አልጠራቸውም። ክንዴን የያዘችኝ ሴት ከአራተኛው ስም በኋላ ለቀቀችኝና መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

ቁጥሩ አሁንም ሱሪዋ ላይ አለ። እጥፋቱን ቆርጬ ልጣለው አልኳት፣ ትንሽ ይቆይ አለችኝ። ይቆይ አልኩ። ስታወልቀው እገልጠዋለሁ፣ ቁጥሩ እንዳለ ነው። ዛሬ ስሟ ሲጠራ ነበረች፣ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ይጠራሉ።

አደራህን በልቻለሁ ኪሮሴ። ስትቆጣኝ አታምሽ፣ ተናግረህ ይውጣልህ። እንዳልረሳህ ግን የት ቆሜ እንደማስታውስህ ልንገርህ። ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ እዚያ አጥር ጋ እቆማለሁ፣ ዘበኛው እስኪያባርረኝ፣ ሲያባርረኝም በሌላው በኩል ዞሬ። ስሟን ሲጠሩ ስምህን ይጠራሉ። ኣለኹ የሚል ድምፅ ሳልሰማ ከአጥሩ እጄን አላነሳም።

ያንተው የሺ