እምዬ፣ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለኝ

እምዬ፣

ካረፍሽ እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ገሳይ ያለው ቤትሽ ደህና ነው። እህቴ ዘውድነሽ ዝናብ የበላውን ግድግዳ መልሳ መርጋዋለች፤ ያቺ ተዋጊ ላምሽም ወልዳለች፣ ዛሬም ለእኔ አትታለብልኝም። ትልቁን ወሬ ግን ላዘገየው አልችልም፦ ዩኒቨርሲቲው ረዳት ተመራማሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ለጥናቴም የአንድ ዓመት ድጋፍ ፈቀደልኝ።

ከተመረቅሁ በኋላ በምደባ የደረሰኝ ደብረ ታቦር እርሻ ቢሮ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሥራዬ የማዳበሪያ መጋዘን ቁልፍ መያዝ ነበር። አንቺ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ገብስ ታክማለች» ትዪ ነበር። አፍሬ አላረምሁሽም።

አንድ ቀን ቢሮው በር ላይ የዩኒቨርሲቲው የረዳት ተመራማሪ ቅጥር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለቦታው የሚያመለክት ሰው የራሱን የጥናት ሐሳብ ማቅረብ አለበት ይላል። ወዲያው በየቅሉ ለይተሽ ያስቀመጥሻቸው ሰባት የገብስ ዘሮች ትዝ አሉኝ። ደጃፍ ላይ ዘር ስንመርጥ፣ አንዷን ፍሬ በጥርስሽ ሰብረሽ፣ የትኛው ውርጭ እንደሚችል ትነግሪኝ ነበር። ያንኑ ጽፌ ላክሁ። የዩኒቨርሲቲው የእርሻ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ወረቀቱን መለሱልኝ። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ይህ የገበሬ ወሬ ነው። ማስረጃ ካለ እስከ ኅዳር ይቅረብ» ብለውበታል።

ሁለት ቀን አኮረፍሁ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው እውነታቸውን እንደሆነ ገባኝ።

ሰኔ ላይ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ከጓሯችን በላይ ያለችውን ቁራጭ መሬት ፈቀዱልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና እየተሳፈርሁ ወደ ገሳይ ወጣሁ፤ ከዘውድነሽ ጋር ሰባቱን ዘር ለየብቻ በየትልሙ ዘራን። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሦስት ቀን አከታትሎ መታው።

እምዬ፣ አትቆጪኝ። «ውርጭ አይደፍረውም» ያልሽው ጥቁሩ ገብስ ዛላው ነጥቶ ባዶ ቀረ። ሌሎቹ ስድስቱ ልክ እንዳልሽው ሆኑ፤ ይወድቃል ያልሽው ወደቀ፣ ይቆማል ያልሽው ቆመ። ዘውድነሽ «የጥቁሩን አትጻፊው፤ እምዬን ታዋርጃታለሽ» ብላ አለቀሰች። እኔም ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ ጻፍሁት።

ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። የክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን አገላብጠው፣ «እናትሽ የተሳሳቱበትን ለምን ጻፍሽው? ማንም አያውቅብሽም ነበር» አሉኝ።

«እናቴ ብትኖር ራሷ ታርመው ነበር» አልኋቸው። «አሁን የማርምላት እኔ ነኝ።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁና «መቼ ሥራ ትጀምሪያለሽ?» አሉ።

ሰኞ እጀምራለሁ፤ ቢሮውም ዝውውሬን ፈቅዷል። በእኔ አታስቢ፣ ሥራውን እችለዋለሁ። ዘውድነሽንም በየወሩ መጥቼ አያታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ቃል እገባልሻለሁ። ዘሮቹ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ገብተዋል። መዝገቡ «ዘሩን ያቆየው ሰው» የሚል ቦታ አለው። በሰባቱም ላይ፣ በጥቁሩም ጭምር፣ «ወይዘሮ የሻረግ፣ ገሳይ» ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። እኔ እስካለሁ አስታውስሻለሁ፤ እኔም ካለፍሁ በኋላ ከነዚያ ዘሮች አንዱን የሚያነሳ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ስምሽን ያነባል።

ልጅሽ አስናቀች