የማንም ያልሆነው ቁጥር

አሚሻቭ፣ ፔታህ ቲክቫ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ግራ እንደገባኝ ዋልኩ። ለዓይኔ ሐኪም ቶር፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ልይዝ የጤና መድኑ ቁፓት ሆሊም ደወልኩ። ማሽኑ የመታወቂያ ቁጥርሽን አስገቢ አለኝ። አስገባሁ። ስህተት ነው አለ። ደገምኩት፤ ያው ነው። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ በቃሌ የማውቀውን ቁጥር!

ልጄ ሲጋል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ነው የምትማረው። "ኢማ፣ እስቲ ንገሪኝ" ብላ ጻፈችው። አንዱን አሃዝ እንዳለ ትወስዳለች፣ ቀጣዩን በሁለት ታባዛለች፤ እንዲያ እያለች ደመረችው። "ድምሩ ለዐሥር ሲካፈል ይተርፋል፤ የእውነተኛ ቁጥር አይተርፍም። ይህ ቁጥር የማንም አይደለም" አለችኝ በዕብራይስጥ። መታወቂያዬን እንኳ ሳታይ! የመጨረሻው አሃዝ ከፊተኞቹ ስምንት ነው የሚወለደው አለች። ቁጥር እንዴት ነው ቁጥር የሚወልደው? አስረዳችኝ። በሰደር፣ እሺ አልኳት እንጂ አልገባኝም።

ብቻዬን ስሆን መታወቂያዬን አውጥቼ አየሁት። ባለፈው ክረምት ያረፈው ባለቤቴና እኔ ቁጥራችንን የወሰድነው በአንድ ቀን፣ ተከታትለን ነው። የሚለዩን የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ብቻ ናቸው። ለካ ከሁለቱ ፊተኛውን የእኔን፣ መጨረሻውን የእሱን ነው ያስገባሁት። ለመድኃኒቱ ስደውልለት ስንት ዓመት፣ ጣቴ ለምዶት።

አስተካክዬ ደወልኩ፤ ቶር ሰጡኝ።

ግን ሲጋል የማንም አይደለም ማለቷ አሁንም አልገባኝም። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የአባቷ ነው። እሷስ ራሷ እንደዚያው አይደለችም እንዴ?