አርሶ አደሩ ሲያርፍ የምሠራበት በዓል

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ለአቶ ቴዎፍሎስ
ባሉበት

ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ይብዛልኝ። እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴም ቆሜ እተኛለሁ።

ከዳባት ወጣ ባለች ቀበሌ በሰብል ባለሙያነት ማገልገል ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

አንደኛ፦ በሥራ ቀን ገበሬው ማሳው ላይ ስለሚውል እኔም ማሳ ለማሳ እንድዞር አዝዘውኛል፤ ይገባል። በአሥራ ሁለት ሚካኤልን፣ በሃያ አንድ ማርያምን፣ በሃያ ዘጠኝ ባለወልድን አክብሮ ቤቱ ሲውል ደግሞ ሰው የሚገኘው ዛሬ ነው ብለው ስብሰባ እንድጠራ ያዝዙኛል። በየሰንበቱ የሚያስጽፉኝን ሪፖርት አላነሣውም፤ ሁሉን ያነሣ ሰው ውለታ ቢስ ይባላል። አገር ምድሩ ሲያርፍ እኔ ብቻ ሥራ ፈት እንዳልሆን ስለተጨነቁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ስለ ሰብል አሰባሰብ ሳስረዳ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብዬ እንቅልፍ እንደወሰደኝ ሰምተው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። የዓመት ፈቃድ ጥያቄዬ ሁለት ዓመት መልስ ሲጠብቅ፣ ማስጠንቀቂያው በሦስተኛው ቀን መድረሱ ቅልጥፍናዎን ያስመሰክራል። ገበሬዎቹ ግን አልቀሰቀሱኝም። እማማ የሺወርቅ ነጠላቸውን አለበሱኝ፤ የቀሩት ጫማቸውን አውልቀው በጣታቸው እየረገጡ ወጡ። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል፤ እኔ ነቅቼ ሳለሁ እንዲህ ያለ ስምምነት ታይቶ አያውቅም።

ሦስተኛ፦ በማግሥቱ የደብሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አስጠርተው፣ «ልጄ፣ እኛ ሞፈራችንን ሰቅለን አንቺን ብንጠምድሽ በዓል አከበርን ይባላል?» አሉኝ። ለሚመለከተው አካል አስተላልፋለሁ ብዬ ነበርና ይኸው አስተላለፍሁ።

አራተኛ፦ «የሥራ ጫናን መቋቋምና ራስን ማደስ» በሚል ርዕስ ደባርቅ ላይ ሥልጠና አዘጋጅተውልናል። ቀኑ እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት። ሰው እንዴት እንደሚያርፍ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መማሩ መቼም የማይገኝ ዕድል ነው።

አሁን ቀልዱን ልተወው። እናቴ በትውልድ አገሬ በበየዳ ብቻዋን ናት፤ ዓይኗም እየደከመ ነው። ፈቃድ የጠየቅሁት ብርሃኗ ሳይጠፋ ፊቴን እንድታይ ብዬ ነው። ደክሞኛል፣ አቶ ቴዎፍሎስ። የምወደውን ሥራ መጥላት ጀምሬአለሁ፤ ይህ ደግሞ ያስፈራኛል።

ቅን አመራርዎን ተሸክማ ወገቧ የጎበጠ፣ ቀና ባለች ቁጥር ግን ስምዎን በአክብሮት የምታነሣ ታዛዥዎ፣
አልጣሽ ገብረ ክርስቶስ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ የበየዳን መኪና ተሳፍሬአለሁ። ፈቃዱን መከልከል ካሻዎ በስልክ ይንገሩኝ፤ የእናቴ መንደር ኔትወርክ የለውም።