መስታወት ውስጥ የገባችው ደሉካ

ለተከበሩ ኡስታዝ ሙዕተሲም አል-ጠይብ
የቅን ጎዳና ፓርቲ የኦምዱርማን ቅርንጫፍ ሊቀመንበር

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በቤተሰብዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? የደም ግፊትዎስ? እኔ ሰርግ ላይ ከበሮ የምመታው ጎረቤትዎ ቡሰይና፣ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ፓርቲዎ አርባኛ ዓመቱን ሲያከብር የከፈታችሁትን የታሪክ ዐውደ ርእይ ባለፈው ሰኞ ከልጄ ከኢሕሳን ጋር መጥቼ አይቻለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ በመስጊዱ ግቢ ለድሃ ስኳርና ዱቄት ስታድሉ የተነሳችሁትን ፎቶ ስላሳያችሁን አመሰግናለሁ። ያኔ ደጎች ነበራችሁ፤ ይህን ሳልቀልድ ነው የምለው፣ እናቴም ከዚያ ዱቄት በልታለች።

ሁለተኛ፣ ከወታደሮቹ ጋር ሥልጣን ከያዛችሁ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአንዲት ብጣሽ ወረቀት፣ ያውም ከበሩ ጀርባ ስለለጠፋችሁልን አመሰግናለሁ። ሱሪ ለበሰች ተብላ ስለተገረፈችው የልብስ ሰፊው ልጅ አንብቤ እንዳላለቅስ አስባችሁልኛል።

ሦስተኛ፣ ፓርቲው ስሙን ሦስት ጊዜ ቢቀይርም ሰዎቹን እንዳንረሳ አንድም ሰው አልቀየራችሁም። ከፎቶ ፎቶ የተለወጠው የጢማችሁ ሽበት ብቻ ነው።

አራተኛዋ ደሉካዬ ናት። ከእናቴ የወረስኳትን ያቺን የሸክላ ከበሮ የዛሬ ሃያ ዓመት «ሴት ከበሮ ስትመታ ሰይጣን ይጨፍራል» ብለው ራስዎ ከሙሽራ ቤት ሲወስዱብኝ፣ ሰብረዋታል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለካ በደህና ተቀምጣለች! መስታወት ውስጥ ሆና፣ ከሥሯ «የሰፈሩ ሴቶች ለትግሉ ያበረከቱት ስጦታ» ተብሎ ተጽፎላት አገኘኋት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ኢሕሳን ግን «እማዬ፣ የእኔንም ሰርግ በጀሪካን ልታደምቂው ነው እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ የዳርኩት ጀሪካን እየደበደብኩ ነው። የራሴን ልጅ ግን በጀሪካን አልድርም። ሰርጓ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ በደሉካ ያልጨፈረች ሙሽራ ደግሞ በእኛ ሰፈር በግማሽ እንደተዳረች እንደምትቆጠር እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ ከበሮዬን ይመልሱልኝ። ስጦታ ናት ካሉም፣ ሰጪዋ እኔ ነኝና ሐሳቤን ቀይሬአለሁ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለፓርቲዎ አምስተኛ ስም እየተመኘሁ፣
የምርጫ ካርዷን በልብሷ ጫፍ ቋጥራ የምትጠብቀው አክባሪዎ
ቡሰይና ቢንት ዓውድ

ማስታወሻ፦ ደሉካዋ ላይ ያለውን ስንጥቅ «በትግሉ ዘመን የደረሰ ጉዳት» ብላችሁታልና ብታርሙት መልካም ነው። የተሰነጠቀችው በእህትዎ ሰርግ ዕለት፣ እርስዎ ገና ጢም ሳያወጡ፣ ከእጄ ነጥቀው በደስታ ሲደበድቧት ነው። ያን ዕለት ሰይጣን ሲጨፍር አላየሁም፤ እርስዎን ግን አይቻለሁ።