ማሽኑን የፈታሁበት ቅዳሜ

ረቡዕ

«እናትህ እንዳትሰማ» አለኝ አጎቴ አድማሱ፣ የአባቴ ወንድም፣ ገና ሰላም ሳይለኝ። አውቶቡስ ሥር ተኝቼ ፍሬን እየሠራሁ ነበር ስልኩን ያነሳሁት። አክስቴ እንጉዳይ፣ የእናቴ እህት፣ ትናንት ጎንደር ላይ ሞተች። ዛሬ ቀበሯት። እሺ አልኩትና ስልኩን ዘግቼ ፍሬኑን ጨረስኩ።

መርዶው እሁድ ማለዳ ነው። እዚህ እስራኤል ያለው ዘመድ ከረሆቦትም ከክርያት ማላኪም መሰብሰብ አለበት። ዓርብ የሰንበት ዋዜማ ነው፣ አይረዳም። በሰንበትማ ማን ደፍሮ! እስከዚያ እናቴን የመጠበቁ ሥራ የኔ ሆነ። ከሚስቴ ከተለያየሁ ወዲህ ኔቬ ኦዝ ሰፈር ካለው ቤቷ አብሬያት የምኖረው እኔ ነኛ።

ስገባ ወጥ ቤት ቆማ የቡና ማሽኑን ትወለውላለች። ይህን የጣልያን ማሽን ከጋኔይ ቲክቫ ገዝቼ፣ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ ሳመጣው ያልሳቀብኝ ዘመድ የለም። ፓምፕ የሚባል ነገር የለውም። እጀታውን ወደ ታች ስትስበው ውስጡ ያለው የብረት ሞላ ይጨመቃል፣ ስትለቀው ሞላው ውሃውን በቡናው ውስጥ ይገፋዋል፣ በቃ። አንድ ሰውዬ በእጁ ነው የሠራው፤ ሥሩ ላይ ስሙን ቀርጾበታል። አጎቴ አድማሱ፣ ቁልፍ ተጭኖ መጠጣት እያለ ከብረት ጋር ግብግብ ምን አመጣው ብሎኛል። እናቴ ግን አንዴ ሳበችው፣ ሞላው እጇን ወደ ላይ ሲመልሰው ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱን የምትስበው እሷ ናት። እኔ እፈጫለሁ፣ እጠቀጥቃለሁ። የቀረው የሷ ነው።

እንጉዳይ ስትመጣ እጀታውን ለሷ እለቅላታለሁ አለችኝ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ጉልበታሟ እሷ ናት አለች። አንገቴን ነቀነቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሐሙስ

ቡናውን አበላሸሁት። ከመጠን በላይ አልሜ ፈጭቼ፣ በዚያ ላይ አጥብቄ ጠቅጥቄ፣ እጀታው አልነሳ አለ፤ ቡናው እንደ ዓይን መድኃኒት ጠብ ጠብ። እናቴ ምን ሆነሃል አለችኝ። ወገቤን አልኳት።

ወገቤን አይደለም። ሕፃን ሳለሁ አዝላ ያሳደገችኝ እንጉዳይ ናት። እናቴ እርሻ ስትውል እኔ የምውለው እሷ ጀርባ ላይ ነበር። እኛ ወደ እስራኤል ስንመጣ ባሏ ቤተ እስራኤል አይደለም፣ አይፈቀድለትም ተብሎ እሷም ቀረች። እሱ ከሞተ በኋላ ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይታ ወደዚህ የመምጫ ተራዋን ስትጠብቅ ኖረች። ዘንድሮ ይሆናል ብለውን ነበር። እናቴ አልጋዋን ሁሉ አስባበታለች፤ በመስኮቱ በኩል ይሁን፣ እንጉዳይ ጨለማ አትወድም ትላለች።

ማልቀስ አልችልም። ዓይኔ ከቀላ ትነቃብኛለች። መታጠቢያ ቤት ገብቼም ሞከርኩ፣ አልመጣም።

የሚያስፈራኝ እሁድ ራሱ አይደለም፤ ከእሁድ በኋላ ነው። እያወቅሁ አብሬያት ቡና ስጠጣ እንደከረምኩ ስታውቅ ፊቴን ታየው ይሆን?

ዓርብ

ልጄ ሺራ ከጦር ሰፈር ለሰንበት መጣች። እንዳትለፈልፍ ደረጃው ላይ ጠበቅኋት። ለካ ከኔ በፊት አይታዋለች፤ ጎንደር ያሉት የአክስቴ ልጆች ፎቶዋን ከነሻማው ፌስቡክ ላይ ለጥፈዋል። ድሮ መርዶ በሰው እግር ነበር የሚሄደው።

«ዜ ሎ በሰደር፣ አባ» አለችኝ፤ ልክ አይደለም ማለቷ ነው። «ሳቭታ፣ አያቴ እኮ ትልቅ ሰው ናት። እህቷ ናት የሞተችው።»

ሰው ብቻውን መርዶ አይረዳም አልኳት። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ሊኖር ይገባል፤ ግራና ቀኝ የሚደግፍ፣ ውሃ የሚያቀርብ፣ አብሮ የሚያለቅስ። እኔና አንተ አለን፣ እንይዛታለን አለች በዕብራይስጥ። ሁለት ሰው አይበቃም ብዬ ገሠጽኳት።

ራት ላይ እናቴ ስለ እንጉዳይ ስታወራ ሺራ ሳህኗን እንጂ ማንንም አላየችም። ልጅቷ ከሳች፣ ምን ያበሏታል እዚያ አለች እናቴ። ተመስገን፣ ጥርጣሬዋ ወደ ጦሩ ሄደልኝ።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

አንድ ነገር ረስቼ ኖሯል። እናቴ ሰንበት በወጣ ቁጥር ወደ እንጉዳይ ትደውላለች። ሺራ ወደ ጓደኞቿ ሄዳለች፤ እኔና እሷ ብቻ ነን። ቡራኬው እንዳለቀ ስልኳን አንስታ መነጽሯን መፈለግ ጀመረች።

«እማዬ፣ ማሽኑ ያፈሳል» አልኳት።

ጠብታ አላፈሰሰም። እሷ ግን ደንግጣ መጣች። መፈታት አለበት አልኩ፣ አሁኑኑ። መብራቱ አይበቃኝም፣ ስልክሽን አብሪልኝ አልኳት። ስልኩን አብርታ ራሴ ላይ ቆመች። እኔ ከገዛሁት ጀምሮ ብሎኑን ነክቼ የማላውቀውን ማሽን ፈታታሁት፤ የእንጨት እጀታውን፣ እሱን የሚይዘውን ሹካ መሰል ብረት፣ ሞላውን፣ ፒስተኑን፣ የጎማ ቀለበቶቹን። ሞላው ጋ ስደርስ ራቂ አልኳት፣ ካመለጠ ጣት ይሰብራል። በየተራ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው አሮጌ አንሶላ ላይ ደረደርኩት።

እናቴ ሳቀች። የቅርጫ ሥጋ አስመሰልከው አለችኝ። ከዚያ ተቀምጣ መደብ መደብ ማካፈል ጀመረች። እጀታው ለአድማሱ፣ ሽማግሌ ነውና ምርኩዝ ይሁነው። ቧንቧዋ ለሺራ። የሚያብረቀርቀው ክዳን ለራሷ።

«ሞላው የእንጉዳይ ነው» አለች። «ጉልበት ላለው ነው የሚሰጥ።»

እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁ። ቧንቧውን ከፍቼ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ስመለስ የስልኩ ባትሪ አልቆ ጠፍቷል። እናቴ እንጉዳይ እስካሁን ተኝታለች፣ ነገ እደውልላታለሁ ብላ ገባች። እንዲህ የሳቀችበትን ምሽት አላስታውስም። ተሳካልኝ ልበል?

እሁድ

ጎህ ሲቀድ መጡ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። አጎቴ አድማሱ፣ ቄሱ፣ ከኋላ ደረጃውን የሞሉት ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። እናቴ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት።

«ወርቅነሽ፣ ልብሽን ጠንከር አድርጊ» አላት አጎቴ። «እንጉዳይ አርፋለች።»

ጩኸቷን እዚህ አልጽፈውም። ደረቷን ስትመታ እጇን ያዙላት። ስሟን እየጠራች፣ ሁለቱም ትንንሽ ሳሉ ያደረጉትን እያነሳች አለቀሰች። ሲደክማት ቀና ብላ በወጥ ቤቱ በር አየች። ጠረጴዛው ላይ ማሽኑ ከነመደቡ ተዘርግቷል።

«ለዚህ ነው የፈታኸው» አለችኝ።

ፊቷን ወደ ሴቶቹ መለሰች፤ ቀኑን ሙሉ ወደኔ አልዞረችም።

ማክሰኞ

ቤቱ ሞልቷል። በሃይማኖታችን ሕግ ሐዘንተኛዋ እሷ ናት፤ ለእህት ሺቫ፣ የሰባት ቀን ሐዘን፣ ይቀመጣሉ፣ ለአክስት አይቀመጡም። ስለዚህ እኔ አስተናጋጅ ነኝ። እሷን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይሏታል፣ እኔን «ታከለ፣ ወንበር ጨምር» ይሉኛል። ከሃዳር ጋኒም ምኩራብ ወንበር ተሸክሜ አመጣለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ቆሻሻ አወርዳለሁ።

ከሴቶቹ አንዷ ደግ ልሥራ ብላ ጠረጴዛውን አጽድታልኛለች። ማሽኑን ሰብስባ ሳፋ ውስጥ ከትታዋለች። የፒስተኑ ቀለበት የለም። ቆሻሻ መስሏት ጥላዋለች። ጮህኩባት። ለአንዲት ጎማ፣ በሐዘን ቤት፣ ለሰባት ቀን ልታግዘን በመጣች ሴት ላይ። አጎቴ አድማሱ አየኝና አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ እሷም ምንም አይደል ብላኛለች፤ እናቴ ግን ሰምታለች።

አሁንም አታናግረኝም። ውሃ ስሰጣት ትቀበላለች፣ እኔን አታየኝም። ከእንግዲህ አብራኝ ስትስቅ፣ ዛሬስ ምን ደብቆኝ ይሆን እንደምትል አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያ እላለሁ።

ሐሙስ

ለሐዘኑ ፈቃድ ያገኘችው ሺራ ቀለበቱን ከጣልያን በኢንተርኔት አዛለች። መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ሳፋውን ከመታጠቢያው ሥር ገፋሁት።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳሳ። ሳሎን የቀሩት አጎቴና ሁለት ሴቶች ናቸው። እናቴ ከተነጠፈላት ፍራሽ ላይ ሆና ጠራችኝ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሚመጣውን ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

«አንተንስ ማን አረዳህ?» አለችኝ።

አጎቴ ነው አልኳት፣ በስልክ። የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። ሥራ ላይ፣ አውቶቡስ ሥር።

«ማን ያዘህ?»

ማንም አልኳት። ምን አደረግህ አለችኝ፤ ፍሬኑን ጨረስኩ አልኳት። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ሐዘንተኛ አይነሳም ልላት ነበር፣ አልሰማችኝም። አጎቴንና ሴቶቹን ጠርታ ግራና ቀኜ እንዲቆሙ አደረገች። አንደኛዋ ያቺ የጮህኩባት ናት። ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ተይ እማዬ፣ አውቃለሁ እኮ» አልኳት።

«አታውቅም» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊቴ ቆመች፣ ከእሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየች። «ታከለ ልጄ፣ ልብህን ጠንከር አድርግ። አክስትህ እንጉዳይ፣ ያዘለችህ፣ አርፋለች።»

ወደ ፊት ወደቅሁ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ ሺራ ከመኝታ ቤት ሮጣ መጣች። መሬት ግን አልነካሁም፣ ይዘውኝ ነበር።